የሽቦ ጠባይ

አንድ ቤት ኢንተርኔቱን ከስልክ መስመር ወደ ኬብል ሲያዞር ከቤተሰቡ አብዛኛው ለውጡን ልብ አይለውም። የዋይፋዩ ስም የድሮው ነው፤ የይለፍ ቃሉም የድሮው ነው። ሁለቱን ሳይለውጡ አዲሱ ራውተር ላይ ካስገቧቸው የልጆቹ ስልክ፣ የሳሎኑ ቴሌቪዥን፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ፕሪንተር ማንም ሳያዛቸው ተመልሰው ይገናኛሉ። መሣሪያዎቹ የሚያውቁት ስሙን እንጂ ከስሙ ጀርባ ያለውን መንገድ አይደለምና። ሰውም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ዋይፋይ ካለ ኢንተርኔት አለ፣ ከሌለ የለም። ነገር ግን በአየር ላይ የሚሄደው ከሶፋው እስከ ራውተሩ ያለው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ አልፎ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ ከተማ አቋርጦ፣ ውቅያኖስ ሥር ገብቶ የሚሄደው ሁሉ ሽቦና ገመድ ነው። ቤቱ የለወጠው የዚህን ረጅም መንገድ የመጀመሪያ ቁራጭ ነው።

ያቺ ቁራጭ ቀላል አይደለችም። ሽቦ ጠባይ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ጠባዩንም የሚያገኘው መጀመሪያ ከተዘረጋበት ጉዳይ ነው። የዛሬ ሰባና መቶ ዓመት ለአንድ ዓላማ የተዘረጋ ሽቦ ዛሬ ለሌላ ሥራ ቢውል እንኳ የቀድሞ ዓላማው ከውስጡ አይወጣም። በላዩ የሚያልፈውን ሁሉ፣ የእኛንም ኑሮ ጨምሮ፣ ወደዚያው ያዘነብለዋል። መስመር የቀየረ ቤት ፍጥነት ብቻ አልጨመረም፤ ከአንድ ጠባይ ወጥቶ ወደ ሌላ ጠባይ ገብቷል።

እኔ የምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ዕድሜ ጠገብ ቤቶችን በጎን በኩል ዞር ብሎ ላየ ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ተቸንክረው ይገኛሉ። ቀጭኑ ግራጫ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የስልክ ነው። ጥቁሩና ወፈር ያለው የኬብል ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ምሰሶ ነው የሚወርዱት። ታሪካቸው ግን ለየቅል ነው።

የስልኩ ሽቦ የተዘረጋው ሁለት ሰዎች እንዲነጋገሩበት ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 የስልክን የፈጠራ ባለቤትነት ካስመዘገበ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ነገር አስመዘገበ፦ ሁለት ሽቦዎችን እርስ በርስ መግመድን። ሽቦዎቹ ከተገመዱ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል፤ እኩል ከነካቸው ደግሞ ጫፍ ላይ የአንዱ የሌላውን ያጣፋል። ይህ ጥንድ ለየቤቱ አንድ አንድ ነው። ከስልክ ጣቢያው ተነስቶ፣ በወፍራም ጥቅል ውስጥ ከመቶዎች ጋር አብሮ ተጉዞ፣ ሌላ ቤት ሳይገባ ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ያበቃል። በላዩም ተናጋሪና ሰሚ እኩል ናቸው። ወደ ጆሮ የሚመጣው ድምፅና ከአፍ የሚወጣው ድምፅ የተመደበላቸው ስፋት አንድ ነው፤ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ፣ ለሰው ንግግር ይበቃል ተብሎ የተወሰነ ልክ። ከዚያ በላይ ያለው የመዳቡ አቅም መቶ ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ ኖረ።

በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያመጣው ዲኤስኤል ያንን ሥራ ፈት አቅም ነው ሥራ ያስያዘው። ድምፁን በቦታው ትቶ ከእሱ በላይ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ድረስ ያለውን ወሰደ፤ በኋላ የመጣው ዝርያው፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ፣ ደግሞ እስከ 2.2 ደረሰ። ሞደሙ ሲበራ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው በከንቱ አይደለም። ያን ሰፊ ቦታ ከ200 በላይ ጠባብ መተላለፊያዎች ከፋፍሎ አንድ በአንድ እየፈተሸ ነው፤ የትኛው ጸጥ ያለ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚንጫጫ ከወዲያኛው ጫፍ ካለው መሣሪያ ጋር ይነጋገርበታል። ጸጥ ባለው ላይ ብዙ ይጭናል፣ በሚንጫጫው ላይ ጥቂት፣ ጭራሽ በማይሆነው ላይ ምንም። አንድን አሮጌ የመዳብ ሽቦ እንደዚህ በትዕግሥት ያደመጠው ሰው ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ትዕግሥት ግን ርቀትን አያሸንፍም። ከፍ ያለው ሞገድ በመዳብ ላይ ብዙ ሳይሄድ ይደክማል። ከስልክ ጣቢያው አጠገብ ያለ ቤት በሰከንድ ከ20 ሜጋቢት በላይ ሊያገኝ ይችላል፤ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ጥቂት ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነገሩ ያበቃል። የዲኤስኤል ደንበኛ ዕጣ የተወሰነው ከመወለዱ በፊት ነው ማለት ይቻላል፤ የስልክ መሥሪያ ቤቱ ሕንፃውን በሠራበት ዓመት። ጎረቤቶቹ ቢተኙ ቢነሱ፣ ፊልም ቢያዩ ባያዩ፣ እስከ ጣቢያው ባለው መንገድ ላይ እሱን ብዙም አይነካውም። ብቻውን ነው። የደረሰበትን የሚያደርስበት ሰው የለም፤ የደረሰበት ርቀት ነውና።

ይህን ብቸኝነት ሰዎች የባለቤትነት ያህል ይወዱት እንደነበር አስታውሳለሁ። “የራሴ መስመር ነው” ይሉ ነበር። እውነት አላቸው፤ መስመሩ የራስ ነበር። የራስ የሆነው ግን ቀጭን ነገር ነው። ከስልክ ጣቢያው ወዲያ ያለው ሁሉ ለማንኛውም የጋራ ነው።

ኬብል ደግሞ ከመነሻው የጋራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ተራራ የቴሌቪዥን ሞገድ የጋረደባቸው ትንንሽ ከተሞች ነበሩ። በፔንሲልቬንያዋ ማሃኖይ ሲቲ ጆን ዋልሰን የሚባል ነጋዴ ቴሌቪዥን ይሸጥ ነበር፤ ሸለቆ ውስጥ ግን ምስል የለም፣ ምስል የሌለው ቴሌቪዥን ደግሞ ገዢ የለውም። አንቴናውን ተራራ ላይ አቆመና ሽቦ ወደ ከተማው አወረደ ይባላል። በዚያው ዓመት በኦሪገኗ አስቶሪያ ኤድ ፓርሰንስ የሩቋን የሲያትል ጣቢያ በሆቴል ጣራ ላይ በተከለው አንቴና ይዞ ለጎረቤቶቹ በሽቦ አካፈለ። የኬብል ታሪክ ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ይጀምራል፦ አንድ ከፍ ያለ አንቴና፣ ብዙ ዝቅ ያሉ ቤቶች። ከላይ የወረደው ለሁሉም ይደርሳል። ከቤት ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አልታሰበም፤ ቴሌቪዥን ተመልካች ምን የሚለው ነገር አለ?

ኢንተርኔት ሲመጣ ይህ ጥያቄ መልስ አስፈለገው። ቤቱ የሚለው ነገር ኖረው፤ ሌላው ቢቀር “ይህን ገጽ አምጡልኝ” ይላል። የኬብል ሰዎችም ለመመለሻ የሚሆን ቦታ ፈለጉና ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ሁሉ በታች ያለውን ሰጡት፤ በሰሜን አሜሪካ ከ5 እስከ 42 ሜጋኸርዝ። ገመዱ እስከ 1,000 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሸከማል፤ ከዚያ ውስጥ ቤቱ እንዲናገርበት የተተወለት 37 ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዶክሲስ የተባለው ደንብ ይህንን አጸና፤ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ብዙ ጊዜ ቢታደስም፣ ወደ ቤት የሚገባው በብዙ እጥፍ ቢያድግም፣ ያቺ ጠባብ መመለሻ በብዙ ሰፈር እስካሁን እንዳለች ናት።

ያ ከ5 እስከ 42 ያለው ቦታ ምን እንደሆነ ላሰበው ይደንቃል። አጭር ሞገድ እዚያ ነው። አባቶቻችን ማታ ማታ በጓዳ ሬዲዮ ከፍተው፣ አንቴናውን ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ የአሜሪካ ድምፅንና ዶይቸ ቬለን በአማርኛ ያዳምጡበት የነበረው ሞገድ እዚያ ክልል ውስጥ ነው። ዛሬ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ለእናቴ ፊቴን የማሳያት በዚያው ክልል ነው፤ ልዩነቱ አሁን ሞገዱ በገመድ ውስጥ ተሸፍኖ መሄዱ ነው። ሽፋኑ ከተቀደደ ግን የውጭው ሞገድ ይገባል፤ ሬዲዮው፣ ሞተሩ፣ የፀጉር ማድረቂያው ሁሉ።

ይህን ያሳየኝ ቤታችን ወደ ኬብል ሲዞር ገመዱን ሊገጥም የመጣው ልጅ ነው። የአገር ልጅ ነበር፤ በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለው አይገርምም። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ወዲያው አልሄደም። መሣሪያውን ሳሎን ውስጥ ከሰካ በኋላ ቁጥሮቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀና በየክፍሉ ገመድ ሲፈልግ ቆየ። ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ጀርባ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ጥለውት የሄዱት የገመድ ጫፍ አገኘ፤ ምንም ያልተሰካበት፣ የላላ።

“ጋሼ፣ ይቺን ያውቋታል?” አለኝ።

“ከቤቱ ጋር የመጣች ናት ልጄ። ምን አደረገች?”

“ሰፈሩን ትረብሻለች።”

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የምሩን ነው። የገመዱን ጫፍ ቆርጦ አሳየኝ። ጥቁሩን ላስቲክ ሲልጠው የብር መልክ ያለው ሽሩባ ሽቦ ወጣ፤ ከሽሩባው ሥር ስስ ፎይል፤ ከፎይሉ ሥር ነጭ፣ ስፖንጅ የመሰለ ፕላስቲክ፤ ከመሃል ደግሞ አንዲት የመዳብ መልክ ያላት ቀጥ ያለች ሽቦ። ነገሩን የምትሸከመው የመሃሏ ናት። የቀረው ሁሉ ለእሷ ጥበቃ ነው። ማያያዣው ከላላ ወይም ጫፉ ክፍት ከሆነ ጥበቃው እዚያ ላይ ይፈርሳል። ወደ ቤት በሚገባው ላይ የሚያመጣው ጉዳት ብዙ ጊዜ በዚያው ቤት ይቀራል። በሚወጣው ላይ ግን ሌላ ነው። የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ንግግር ወደ አንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ የየቤቱም ጩኸት አብሮ ይሰበሰባል፤ የአንድ ቤት የላላ ጫፍ የጥቂት መቶ ቤቶችን አፍ ሊያፍን ይችላል። የኬብል ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ጩኸት ለማግኘት ምሰሶ ለምሰሶ፣ ቤት ለቤት እየለዩ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ልጁ ገመዱን ቆርጦ በትንሽ መዝጊያ ዘጋው፤ ከግድግዳ ውጭ ያለውንም ማያያዣ በመፍቻ አጠበቀው።

ከስልክ ሽቦው ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ታየኝ። በስልክ ሽቦው ላይ የአንድ ቤት ጥፋት ባብዛኛው የዚያ ቤት ጥፋት ሆኖ ይቀራል። በኬብሉ ላይ የእኔ ቁም ሣጥን ጀርባ ያለው ነገር የማላውቀው ሰው ጉዳይ ነው። የእሱም የእኔ።

የሚናገሩበትም ሥርዓት እንደዚያው ነው። ወደ ቤት የሚገባው ለሁሉም አንድ ላይ ይፈሳል፤ የየቤቱ ሞደም የራሱን ለይቶ ያነሳል። የሚወጣው ግን በተራ ነው። አንድ ሞደም የሚልከው ነገር ሲኖረው ዝም ብሎ አይልክም፤ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ የጠያቂዎቹን ሁሉ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ጊዜ ያድላል። ሁለት በአንድ ቅጽበት ከጠየቁ ጥያቄያቸው ይጋጭና ሁለቱም ዝም ብለው፣ የተለያየ ጊዜ ጠብቀው፣ እንደገና ይጠይቃሉ። የእድር ስብሰባ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ እጅ ያወጣል፣ ዳኛው ያየዋል፣ ተራው ሲደርስ ይናገራል፤ ሁለት ሰው አንዴ ከተናገረ ማንም አይሰማም። ይህ ሁሉ በሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮች ውስጥ፣ ቀን ከሌሊት፣ በሰፈሩ ቤቶች መካከል ይካሄዳል። በዚያ ጉባኤ ቤቶቹ ሁሉ አባል ናቸው፤ አንዱም አያውቅም።

ኬብልን የሚነቅፉ ሰዎች ዋና ቅሬታቸው ማታ ማታ ይዘገያል የሚል ነው። ልክ ነው፤ ሰው ከሥራ ሲገባ፣ እራት ሲነሳ፣ የሁሉም ቴሌቪዥን ሲበራ ይዘገያል። ይህን ጉድለት አድርጎ የማይቆጥር የለም። እኔ ግን ርቀት ከሚያዘገየኝ ጎረቤት ቢያዘገየኝ እመርጣለሁ፤ የምለውም ለማጽናናት አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው አባባል እዚህም ይሠራል። ርቀት አይከራከሩትም። አምስት ኪሎ ሜትር ማንም ቢማልድ አራት አይሆንም። ጎረቤት የበዛበት መስመር ግን ሊከፈል ይችላል፤ ኩባንያው ከፈለገ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎ ለየግማሹ የራሱን ፋይበር ያመጣለታል፤ ይህ በየጊዜው የሚሠራ ሥራ ነው። ኩባንያው ካልፈለገም የሚጠየቅበት ቦታ አለ። በአሜሪካ ብዙ ቦታ የኬብል ኩባንያ የሕዝብ መንገድ የሚጠቀመው ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ተዋውሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የኬብል ሕግም አስተዳደሮቹ ለነዋሪው የሚሆን የሕዝብ ጣቢያ በውሉ ውስጥ እንዲጠይቁ ፈቀደ። የአስቶሪያና የማሃኖይ ሲቲ ልጅ የሆነው ያ ወደ ታች ብቻ የሚያወርድ ሽቦ በዚህ ሕግ ለነዋሪም አፍ ከፈተ። የጋራ ነገር ቢያንስ የሚሟገቱት ሰው አለው።

የስልኩን መስመር በመልቀቄ የምቆጨው በሌላ ነገር ነው። የድሮው ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከዚያው ሽቦ ነበር፤ ከስልክ ጣቢያው ባትሪዎች 48 ቮልት በሽቦው ይመጣለታል። ዐውሎ ነፋስ ምሰሶ ጥሎ ሰፈሩ ሲጨልም ስልኩ ይሠራ ነበር። ዲኤስኤል ሞደሙ ይጠፋል፣ ስልኩ ግን አይጠፋም። ኬብል እንዲህ ያለ ነገር የለውም፤ መብራት ሲሄድ ሞደሙ ይሞታል፣ በእሱ ላይ የተንጠለጠለው የቤት ስልክም፣ ባትሪ ካልተገዛለት፣ አብሮት ይሞታል። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ያሉበት ቤት ይህን ማሰብ አለበት። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ጀምሮ አዲስ የዲኤስኤል ደንበኛ መቀበል አቁሟል፤ መዳቡ በየቦታው እየተተወ ነው። ከመዳቡ ጋር አብሮ የሚሄደው ያ የራሱ ኃይል የነበረው ድምፅ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ትንሽ ይመስላል። በብዙ የዲኤስኤል መስመሮች ላይ ሞደሙ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቅ ነበር። መስመሩ “ማነህ?” ይላል፣ ቤቱ ስሙን ይናገራል። ኬብሉ ሰው አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ዕቃውን፣ በሞደሙ ሥር የተለጠፈውን አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ነው። ከሞደሙ ጋር መጀመሪያ የተያያዘውን ራውተርም ይይዘዋል፤ ራውተር የቀየረ ሰው ሞደሙን ነቅሎ ጥቂት ቆይቶ ካልሰካው አዲሱን እንግዳ ብሎ ሊዘጋበት ይችላል። ለምቾት ሲባል የተደረገ ነው፣ ሥራም ያቀላል። ስም ከመጠየቅ ወደ ዕቃ ማወቅ የተደረገውን ጉዞ ግን ከራውተር ሌላም ብዙ ቦታ ስለማየው ዝም ብዬ አላልፈውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ስልክ ለንግግር፣ ኬብል ለማየት ተዘረጉ ካልሁ፣ ከስልክ ወደ ኬብል የዞረ ቤት ከተነጋጋሪነት ወደ ተመልካችነት ዞረ ማለት ይመስላል። ነገሩ ከዚህ የበለጠ ያሳዝናል፤ የንግግሩ ሽቦ ራሱ ቀድሞ ተመልካች ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቤልኮር በተባለው የስልክ ኩባንያዎች የምርምር ተቋም ጆሴፍ ሌክላይደር አንድ ሐሳብ አቀረበ። በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉ ጥንዶች በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ፍጥነት ከላኩ እርስ በርስ ይረባበሻሉ፤ ወደ ቤት የሚገባውን አብዝቶ የሚወጣውን ቢያሳንሱት ግን ረብሻው ይቀንሳል፣ የሚገባውም በብዙ ያድጋል። ድንቅ የምህንድስና ሐሳብ ነበር፤ ለብዙ ሚሊዮን ቤቶችም ኢንተርኔት ያደረሰ ሐሳብ ነው። የስልክ ኩባንያዎቹ የወደዱት ግን ሌላ ነገር አስበው ነው፤ ፊልም በስልክ ሽቦ ሊሸጡ፣ ኬብልን በገዛ ሜዳው ሊፎካከሩት። ተናጋሪና ሰሚ እኩል የነበሩበት ሽቦ እንዲህ ሆኖ አንድ ጎኑ ከበደ። ብዙ የአሜሪካ ቤቶች ለዓመታት የኖሩበት የዲኤስኤል ውል 6 ሜጋቢት የሚያስገባ፣ ከአንድ ሜጋቢት በታች የሚያስወጣ ነበር።

ከአንድ ሜጋቢት በታች ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቀው በቪዲዮ ከአገር ቤት ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። እዚህ ያለው ሰው የእናቱን ፊት ጥሩ አድርጎ ያያል፤ እሷ ግን “ልጄ፣ ፊትህ ቆመ እኮ፤ አፍህ ብቻ ነው የሚሄደው” ትላለች። በእኛ ሰው ዘንድ ጥፋቱን ወደዚያ መግፋት የተለመደ ነው፤ “ኔትወርኩ እዚያ መጥፎ ነው” ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚያንቀው ሜሪላንድ ያለው ቤት ነው፤ ወደ ውስጥ ሰፊ፣ ወደ ውጭ ጠባብ የሆነው ቤት። ከአገሩ የራቀ ሰው ከምንም በላይ የሚፈልገው መታየት ነው። ዜናውንና ፊልሙን እዚህም እዚያም ያገኘዋል። እናቱ እንድታየው፣ የልጁን ጥርስ መንቀል፣ የቤቱን መጋረጃ፣ ራሱ ላይ የወጣውን ሽበት እንድታይ የሚያደርጋት ግን ያቺ ወደ ውጭ የምትወጣ ጠባብ መንገድ ብቻ ናት። ኩባንያዎቹ በማስታወቂያ የሚጽፉት ቁጥር የሚገባውን ነው። የሚወጣውን ለማግኘት ውሉን ገልጦ ትንንሽ ፊደል ማንበብ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሁሉን ቤት ሲያስገባ ይህ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ሦስት ልጅ በሦስት ክፍል ሆኖ ሲማር፣ አባት በስብሰባ ላይ ሳለ፣ እናት ከጸሎት ማኅበሯ ጋር ስትገናኝ፣ ቤቱ ተመልካች ብቻ አለመሆኑ ታወቀ። ሁሉም ተናጋሪ ነበር፤ ቤቱ የተሠራው ግን ለሰሚ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ብሮድባንድ ለመባል የሚበቃውን 25 ገቢና 3 ወጪ ብሎ ነበር፤ በ2024 ወደ 100ና 20 አሳደገው። ከስምንት አንድ የነበረው ከአምስት አንድ ሆነ። መሻሻል ነው፤ መንግሥት እንኳ ሲለካ ግን የቤቱን ንግግር ከሚሰማው አንድ አምስተኛ አድርጎ ነው።

ስለዚህ ወደ ኬብል ስንዞር ያገኘነው ነገር የተደባለቀ ነው። የሚወጣው ከዲኤስኤሉ በብዙ ይሻላል፤ የእናቴ ስልክ ላይ ፊቴ መቆም ትቷል፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሽቦው ግን ወደ ታች ለማውረድ የተወለደ ነው፣ ጠባዩም እንደዚያው። አዲሱ ዶክሲስ 4.0 መመለሻውን በብዙ እጥፍ ያሰፋዋል፤ ለማስፋት ግን በምሰሶዎቹ ላይ ያሉትን ማጉያዎች መቀየር፣ በየቤቱ የላሉትን ማያያዣዎች ማጥበቅ ይጠይቃል። ከተመልካችነት የተወለደን ሽቦ ተናጋሪ ለማድረግ ምሰሶ ለምሰሶ መሄድ አለ።

አገር ቤት ይህን መንገድ አላለፈም። የስልክ ሽቦ ሥራው የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር፣ ቤተ መንግሥቱና ሐረር እንዲነጋገሩ። ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀመር በአየር መጣ፤ በኋላም ዲሽ ጣራውን ሁሉ ሞላው። ለማየት የተዘረጋ ገመድ ወደ ቤቱ አልገባም። አሁን አዲስ አበባ ላይ ኤዲኤስኤል የነበረው ቤት በቀጥታ ወደ ፋይበር ነው የሚዞረው፤ ዕድል ነው እላለሁ። በአንዲት የመስታወት ክር ላይ ብርሃን በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ የሚገባው በአንድ ቀለም፣ የሚወጣው በሌላ ቀለም፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ። ክሯ ራሷ አድልዎ የላትም። በስፋት የተለመደው ጂፖን የተባለው አሠራር 2.5 ጊጋቢት ያስገባና 1.25 ያስወጣል፣ ለብዙ ቤቶች ተካፍሎ። ኤክስጂኤስ ፖን የተባለው ደግሞ 10 አስገብቶ 10 ያስወጣል። የትኛው እንደሚተከል፣ ከተተከለውም ለየቤቱ ምን ያህል እንደሚሸጥ የሚወሰነው በቢሮ ነው፤ እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 ተራራው እንደወሰነው፣ ከዚያም በፊት ርቀቱ እንደወሰነው አይደለም። ፋይበር የሚያስገባ ቤት ሻጩን በመጀመሪያ ቀን ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ አለ፦ የነገሩት ቁጥር የሚገባው ነው፤ የሚወጣውስ ስንት ነው?